«አለ፣ አለች» ሲበዛ

ጥያቄ፦ አጫጭር ልብ ወለዶች እጽፋለሁ። አንድ ጓደኛዬ ጽሑፌን አንብቦ «አለ፣ አለች በዝቶብሻል። ተናገረ፣ ገለጸ፣ አስረዳች እያልሽ ቀያይሪው» አለኝ። ስቀያይረው ግን ለጆሮዬ አልጥም አለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጆሮዎን ይመኑት።

«ገለጸ»፣ «አስታወቀ»፣ «አሳሰበ» የዜና ቤት ቃላት ናቸው። ባለሥልጣን መግለጫ ሲሰጥ ያምራሉ። አንድ ባል ማታ ቤቱ ገብቶ «እስቲ ውሃ ስጪኝ» ሲል ገለጸ ተብሎ ቢጻፍ ግን አንባቢ የሚታየው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። «አለ» ይህ ጣጣ የለበትም። ዐይን ሳያስተውለው ያልፋል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ደግሞ ትንሽ ቃል ሆኖ የሚሸከመው ብዙ ነው። «አለችው»ን ይውሰዱ። ተናጋሪዋ ሴት፣ ሰሚው ወንድ፣ ሁለቱም አንቱ የማይባሉ መሆናቸውን በአንድ ጊዜ ነገረን። ይህን ሥራ ንግግሩ ራሱ የሚሠራበት ጊዜም አለ። እነዚህን ባልና ሚስት ይመልከቱ፦

«የት ነበርሽ?»
«ገበያ።»
«እስከዚህ ሰዓት?»
«ታክሲ አጥቼ ነዋ። ራት በላህ?»

አንድም «አለ» የለም፤ ግን ማን እንደተናገረ የሚጠፋው አንባቢ አይኖርም። «ነበርሽ» እና «በላህ» ጨርሰውታል። ስለዚህ «አለ» በዛ ከተባሉ መጀመሪያ የሚሞክሩት በሌላ ግሥ መተካት ሳይሆን መሰረዝ ነው። ወንድና ሴት ሲያወሩ፣ ወይም አንዱ ሌላውን «ጋሼ፣ ይቀመጡ» የሚል ከሆነ፣ ብዙውን ያለ ሐሳብ መሰረዝ ይቻላል።

ሁለት ወንዶች እኩያሞች ሲያወሩ ነው ችግሩ። «አለው»፣ «አለው»፣ አሁንም «አለው»። ማን ማንን? እዚህ ላይ ስም መጥራት ግድ ነው፦ «አለ ካሳ»። ሁሌ አይደለም፤ አንባቢ ሊደናገር ሲል ብቻ።

ጓደኛዎን ያሰለቸው ግን ሌላ ነገር ሳይሆን አይቀርም። አማርኛ ፈገግ አለ፣ ዝም አለ፣ ብድግ አለ፣ ቀና አለ የሚሉ ግሦች ሞልተውታል። ሁሉም በ«አለ» ነው የሚጨርሱት። ስለዚህ እንዲህ ያለ አንቀጽ ሳይታሰብ ይወለዳል፦

«ተወው» አለ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ብድግ አለና «ነገ እንነጋገራለን» አለ።

አራት «አለ»! ከአራቱ ሁለቱ የንግግር አይደሉም። እነሱን ነው መንካት፦

«ተወው» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ነገ እንነጋገራለን» ብሎ ተነሣ።

ለዚህች «ብሎ» እኔ በግሌ አዳላለሁ። ንግግሩንና ድርጊቱን በአንድ ትንፋሽ ታስራቸዋለች። «በቃኝ» ብሎ ሳህኑን ገፋ። «እኔ አላውቅም» ብላ በሩን ዘጋችው። ቡና ላይ ወሬ ስንነግር የምናደርገው ይህንኑ ነው። ሌላ ማሳወቂያ አያስፈልግም፤ ቁጣውን ሳህኑ ተናግሯል።

«ጠየቀ»፣ «መለሰ»፣ «ጮኸ»፣ «አጉረመረመ» ክልክል አይደሉም። ግን እንደ «አለ» ጥቅሱን በቀጥታ አይቀበሉም፤ «ብሎ» ወይም «ሲል» መሐል መግባት አለበት። «የት ነበርሽ?» ብሎ ጠየቃት። «ውጣ!» ብላ ጮኸችበት። ዛሬ ዛሬ «የት ነበርሽ?» ጠየቃት የሚል አጻጻፍ በዝቷል፤ የትርጉም ሥራዎች ያመጡት ይመስለኛል። «ጠየቀ»ንና «መለሰ»ን በዚህ መልክ ሳያቸው እንደምንም አልፋቸዋለሁ። «እሺ» ሳቀች የሚለውን ግን አላልፍም። «እሺ» ይባላል እንጂ አይሳቅም። «እሺ» አለች እየሳቀች።

ስለ ቦታው ብዙ አይጨነቁ። ካሳ «እሺ» አለ ማለትም፣ «እሺ» አለ ካሳ ማለትም ያስኬዳል። ንግግሩ ረጅም ከሆነ ብቻ ስሙን ፊት አስቀምጠው «አለ»ን ከስድስት መስመር በኋላ አያምጡት፤ አንባቢ ካሳን ረስቶታል። ቆረጥ ያድርጉት፦ «አይደለም» አለ ካሳ፤ «እኔ ያልኩት ሌላ ነው…»

አንቱታ ላይ ግን ይጠንቀቁ። አቶ መኮንን ገጽ አንድ ላይ «አሉ» ከተባሉ፣ ገጽ ሦስት ላይ «አለ» መባል የለባቸውም። ጀማሪዎች ገጸ ባሕርዩ ሲናደድ አንቱታው ያመልጣቸዋል። ሆን ብለው ክብሩን ሊገፉት ካልፈለጉ በቀር፣ አንባቢ ሌላ ሰው የመጣ ይመስለዋል።

የጥቅስ ምልክትም ቀላል አይደለም፤ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ብር አለኝ» የሚለውን ሲያጠብቁት ኪስዎ ውስጥ ገንዘብ አለ። ሲያላሉት አንድ ሰው ገንዘብ ጠይቆዎታል። የተናገረውን ቃል ብቻ በጥቅስ አስገብተው «ብር» አለኝ ብለው ከጻፉ ግን የሚሳሳት የለም። የጥያቄና የአጋኖ ምልክት ጥቅሱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አራት ነጥቡ ከ«አለ» በኋላ ይመጣል፦ «መቼ?» አለች።