ኮርኒሱ ማራገቢያውን ይችለዋል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምንኖረው ዓለም ገና ነው። ቤታችን የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳንና የችፑድ ኮርኒስ ያለው ሲሆን፣ ከየካቲት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ባለቤቴ ከመርካቶ የጣሪያ ማራገቢያ ገዝተን እናሰቅል ይላል። እኔ ግን ወድቆ ልጆቻችንን እንዳይጎዳብን እሰጋለሁ። የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን «አምፖሉ ያለበት ቦታ ላይ በረጅም ብሎን አስረዋለሁ» ብሎናል። ሳሎኑ አራት ሜትር በአራት ሜትር ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከዓለም ገና

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ኤሌክትሪሺያኑ ባለው መንገድ እንዳይሰቀል በግልጽ ይከልክሉ። የችፑድ ኮርኒስ በቀጫጭን እንጨቶች ላይ በምስማር የተመታ ሽፋን እንጂ ክብደት እንዲሸከም የተሠራ አይደለም። አምፖል ያለ ችግር ተንጠልጥሎበት መኖሩም ማስረጃ አይሆንም። የተለመደው የጣሪያ ማራገቢያ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከክብደቱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሲሽከረከር ያለማቋረጥ መንቀጥቀጡ ነው። በችፑድ ውስጥ የገባ ብሎን በዚህ ንቅናቄ ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄድና፣ ለወራት ደህና መስሎ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ሊለቅ ይችላል።

ማራገቢያው መንጠልጠል ያለበት ከኮርኒሱ በላይ ባለው የጣሪያ እንጨት፣ ማለትም በካፕሪያታው ላይ ነው። ሠራተኛው ኮርኒሱን ከፍቶ ይውጣና የካፕሪያታዎቹን አግዳሚ እንጨቶች ይመርምር። በእኛ አካባቢ አብዛኛው የጣሪያ እንጨት ባሕር ዛፍ በመሆኑ፣ ከላይ ጤነኛ መስሎ ውስጡ በምስጥ የተበላ ስለሚያጋጥም በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጎ ማየት አይከፋም፤ ጫፉ በቀላሉ ከገባ ያ እንጨት ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሳሎኑ መካከል ካፕሪያታ ከሌለበት ቦታ ላይ ከዋለ፣ በሁለት ካፕሪያታዎች መካከል ወፍራምና ደረቅ እንጨት አጋድሞ በሁለቱም ጫፍ በብሎን ማሰር ያስፈልጋል። ማንጠልጠያው መንጠቆ በዚህ እንጨት ውስጥ ዘልቆ በላይ በኩል በሮንዴላና በዳዶ ይታሰር። ምስማር እዚህ ቦታ የለውም፤ የታጠፈ ምስማር ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። የማራገቢያው ዘንግ በኮርኒሱ ቀዳዳ ሲያልፍ ኮርኒሱን መንካት የለበትም፤ ከነካ ቤቱ ሁሉ ይንጫጫል። ከዋናው መንጠቆ ሌላ፣ የማራገቢያውን አካል ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዝ ጠንካራ የብረት ገመድ ቢጨመር ዋጋው ትንሽ ነው፤ ልጆች በሚጫወቱበት ክፍል ውስጥ እኛ ሳናስጨምር አናልፍም።

ስለ መጠኑ፣ አራት በአራት ለሆነ ሳሎን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነው ይበቃል። ሦስት በሦስት ለሆነ መኝታ ቤት 90 ወይም 105፣ ከ20 ካሬ ሜትር በላይ ለሆነ ክፍል ደግሞ 140 ይመረጣል። ከስፋቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚረሳው ከፍታውን ነው። ክንፎቹ ከወለሉ ቢያንስ 2.10 ሜትር፣ ቢቻል 2.40 ሜትር መራቅ አለባቸው፤ ከግድግዳም ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ይራቁ። በሌላ በኩል ክንፎቹ ወደ ኮርኒሱ በጣም ከተጠጉ ከላያቸው የሚስቡት አየር ስለሚያንሳቸው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ከወለል እስከ ኮርኒስ በሜትር ይለኩ፤ 2.50 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የጣሪያውን ትተው የግድግዳ ማራገቢያ ቢገዙ ይሻላል። ተደራራቢ አልጋ ባለበት ክፍል ግን የኮርኒሱ ከፍታ ምንም ያህል ቢሆን የጣሪያ ማራገቢያ አይሰቀል፤ በላይኛው አልጋ ላይ የቆመ ልጅ እጁን ቢዘረጋ ክንፉ ላይ ያርፋል።

ስለ መስመሩ ብዙ አያስጨንቅዎ። የተለመደው ማራገቢያ የሚወስደው ኃይል ከ50 እስከ 75 ዋት በመሆኑ ለአምፖል የተዘረጋው ገመድ ይችለዋል። የሚያሳስበው የገመዶቹ መጋጠሚያ ነው፤ ከኮርኒስ በላይ በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ እንጨት ላይ የተጋደመ መጋጠሚያ ካለ በመገናኛ ሳጥን ውስጥ ይግባ። ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ የሚቆርጥ መሆኑን ሠራተኛው በቴስተር ያረጋግጥ፤ ኒውትራሉን፣ ማለትም የመልሱን ሽቦ የሚቆርጥ ከሆነ ማራገቢያው ቆሞም ውስጡ ኤሌክትሪክ አለ። የመሬት መስመር ካለ የማራገቢያው ብረት ከእሱ ጋር ይያያዝ። ሥራው ሲሠራ ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም፣ ብሬከሩ ይውረድ። ፍጥነቱን ለመቆጣጠርም ለማራገቢያ የተሠራውን መቆጣጠሪያ እንጂ የአምፖል ብርሃን መቀነሻ አይጠቀሙ፤ ሞተሩ ያንጎራጉራል፣ ይሞቃልም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ባለቤትዎ ገንዘቡን ከማውጣታቸው በፊት ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ማራገቢያ ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ሰውነታችን ላይ ያለውን ላብ በማድረቅ እኛን ያቀዘቅዘናል እንጂ። ሰው በሌለበት ክፍል ሲሽከረከር መዋሉም ኤሌክትሪክ መጨረስ ብቻ ነው። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ አየሩ ራሱ እንደ ቆላ አይሞቅም፤ አየሩም ስስ በመሆኑ ያው ማራገቢያ በዚህ ከፍታ የሚገፋው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገፋው ይቀላል። የእርስዎን ሳሎን የሚያግለው ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ሲሆን፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የታፈነው አየር ሙቀቱን ወደ ታች ያወርደዋል። በክዳኑ ጠርዝ ሥር በሁለት ተቃራኒ ጎኖች የአየር ማስገቢያና ማስወጫ ከፍቶ፣ ወፍና አይጥ እንዳይገባ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት መምታት፣ እንዲሁም አመሻሹ ላይ ቀዝቃዛው አየር ሲመጣ መስኮቶችን መክፈት ከማራገቢያው በላይ ሊጠቅም ይችላል። እኛ ከዚህ እንጀምር ነበር። ከዚያ በኋላም ሙቀቱ ካልቀነሰ ማራገቢያውን ከላይ እንደተባለው ያሰቅሉ።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ጣሪያው ኮንክሪት ስለሆነ በትራፓኖ በስቶ መስቀል ይቻላል?

መልስ፦ ኮንክሪት ሁሉ አንድ አይደለም። በከተማዋ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ላይ ብዙ ጊዜ የዋለው የወለል አሠራር ቀድሞ የተዘጋጀ ቢም (ተሸካሚ የኮንክሪት አግዳሚ) እየተደረደረ በመካከሉ ውስጠ ባዶ ብሎኬት የሚገባበት ነው። ከታች ሲታይ ልስኑ ሁሉንም አንድ ያስመስለዋል፤ ትራፓኖው ብሎኬቱ ላይ ካረፈ ግን ቀጭኑን ግድግዳ በስቶ ባዶው ውስጥ ይገባል፣ ፊሸሩም የሚይዘው አያገኝም። ቢሙ ላይ ሲበሳ ደግሞ ብረቱን መንካት አለ። የሕንፃውን አሠራር የሚያውቅ ባለሙያ ቦታውን ካላሳየዎት በስተቀር አይብሱ፤ የግድግዳ ወይም የቁም ማራገቢያ ሥራውን ይሠራልዎታል።

ጥያቄ፦ ማራገቢያችን ማታ ማታ ይደክማል። ኤሌክትሪሺያኑ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ቀይሩት» አለን። እውነት ነው?
ከሰበታ

መልስ፦ ሳይቃጠል አይቀርም ብለው ከመጣልዎ በፊት ሰዓቱን ያስተውሉ። ቀን በደንብ ሠርቶ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚያበራበት ሰዓት ብቻ የሚደክም ከሆነ ጥፋቱ የቮልቴጁ ነው። መድረስ ያለበት 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ የሞተሩ ጉልበት ሲሶውን ያህል ያጣል። ኤልኢዲ አምፖል ቮልቴጅ ሲወርድ ብርሃኑ ብዙም ስለማይቀንስ በዓይን አይታወቅም፤ በመለኪያ ይለካ። ቀንም ማታም የሚደክም ከሆነ፣ በተለይም ሲበራ እያንጎራጎረ አልነሳ የሚል ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የደከመው ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳው ትንሽ ዕቃ፣ ካፓሲተሩ ነው። ይህም ከሞተሩ እጅግ የረከሰ ዕቃ ሲሆን፣ በላዩ የተጻፈው የማይክሮፋራድ ቁጥር ከአሮጌው ጋር እኩል የሆነ ተገዝቶ ይተካል። ብሬከሩ ከወረደ በኋላም ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሠራተኛው ሳያራግፈው ጫፎቹን በእጁ አይንካ።