የተሳሳታችሁትን ጥያቄ አትጣሉት

ውድ ልጆች፣

ሒሳብ ሳስተምር ነው ፀጉሬ የሸበተው። ከነዚያ ዓመታት ብዙውን ያሳለፍኩት ለኤስኤቲ (SAT)፣ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተና፣ የሚዘጋጁ ተማሪዎች አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ከልጆቹ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ቲቸር፣ በቀን ስንት ሰዓት ላጥና?" እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ "ባለፈው ልምምድ የተሳሳትካቸው ጥያቄዎች የት አሉ?" አብዛኛው ልጅ መልስ የለውም። ውጤቱን አይቶ ዘግቶታል።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ በክፍሏ ሰቃይ ከሚባሉት። ሦስት የልምምድ ፈተና ወስዳ የሒሳብ ውጤቷ ንቅንቅ አላለም። ሊያለቅስ በደረሰ ፊት መጣች። የተሳሳተቻቸውን አንድ በአንድ አየናቸው። አንዱ ጥያቄ እንዲህ ነበር፦ የአንድ ቁጥር ሦስት እጥፍ ላይ 5 ሲደመር 20 ይሆናል፤ ከዚያው ሦስት እጥፍ ላይ 5 ቢቀነስስ ስንት ይሆናል? ቁጥሩን በትክክል አገኘችው፣ 5 ነው። 5 ደግሞ ከምርጫዎቹ መካከል ተቀምጦ ይጠብቃታል። መረጠችው። የተጠየቀችው ግን ቁጥሩን አልነበረም። መልሱ 10 ነው።

ሒሳቡን አልሳተችም፤ የተጠየቀችውን ነው የሳተችው። ሌሎቹንም ስናይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲሁ ነበሩ። ያን ቀን አዲስ ደብተር ገዛችና የመጀመሪያው ገጽ ላይ "ምን ተጠየቅሁ?" ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ጥያቄ የመጨረሻ መስመር ሁለት ጊዜ ሳታነብ መልስ አትነካም ነበር። ውጤቷ ያኔ ነው መነሳት የጀመረው። አንድም አዲስ ፎርሙላ አልጨመረችም።

እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪዎቼን የጥያቄ ክምር አሸክም ነበር። 500 ጥያቄ የሠራ ልጅ 200 ከሠራው ይበልጣል ብዬ አምን ነበር። ዛሬ ይቆጨኛል። 40 ጥያቄ ሠርቶ የሳታቸውን ስድስቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ ሲበልጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ደብተር ያዙ። የሳታችሁትን ጥያቄ ጻፉ፣ ከሥሩ ለምን እንደሳታችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። "አላውቀውም ነበር"፣ "ቸኮልኩ"፣ "ጥያቄውን ሳላነብ ጨረስኩ" እያላችሁ። "በግድየለሽነት" ብላችሁ አትለፉት። ግድየለሽነትም ቦታና ምክንያት አለው፤ ፈልጉት። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ጥያቄ መልሱን ሳታዩ እንደገና ሥሩት።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ፤ ቅርጹን የማያውቅ ሰው ስህተቱንም አይለይም። ኤስኤቲ ዛሬ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፣ ብሉቡክ በሚባል መተግበሪያ። ሁለት ክፍል አለው። የንባብና የጽሑፍ ክፍሉ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ፣ ሒሳቡ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ ነው። በመሃል 10 ደቂቃ እረፍት አለ። እያንዳንዱ ክፍል ከ200 እስከ 800 ይቆጠራል፤ ድምሩ እስከ 1600 ይደርሳል። ለዚያው ዓላማ የሚወሰደው ሌላው ፈተና ኤሲቲ (ACT) ነው፤ እሱ ከ1 እስከ 36 ይቆጠራል። አንድ አንድ የልምምድ ፈተና ከሁለቱም ወስዳችሁ የሚስማማችሁን ምረጡ፣ ከዚያ ወዲያ ወዲህ አትበሉ።

በኤስኤቲ እያንዳንዱ ክፍል ሞጁል ለሚባሉ ሁለት ንዑስ ክፍሎች ይከፈላል። የመጀመሪያውን ሞጁል እንዴት እንደሠራችሁ ታይቶ ሁለተኛው ከበድ ወይም ቀለል ብሎ ይመጣል። ወደ ላይኛው ውጤት የሚወስደው ከባዱ ነው። ብዙ ልጅ እዚህ ጋ ይደነግጣል። ሁለተኛው ሞጁል ሲከብደው "አለቀልኝ" ይላል፤ ነገሩ ግን በተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሞጁል ላይ ተረጋግታችሁ ሥሩ፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ ክብደቱን ለመመዘን ጊዜ አታጥፉ። ውጤት ውስጥ የማይቆጠሩ፣ ለሙከራ ብቻ የሚገቡ ጥቂት ጥያቄዎችም አሉ። የትኞቹ እንደሆኑ አይነገራችሁም። ግራ የሚያጋባ ጥያቄ ሲገጥማችሁ ምልክት አድርጉበትና እለፉ። በንባቡ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሳችሁ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ አንዱ ላይ ሙጭጭ ካላችሁ የኋለኞቹን ቀላሎች ሳታዩዋቸው ሰዓት ያልቃል።

ባዶ የሚባል ነገር አትተዉ። ድሮ ለተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ ይቀነስ ነበር፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያ ቀርቷል። ገምታችሁም ቢሆን መልሱ።

የንባቡ ክፍል ምንባቦች አጫጭር ናቸው፣ ለአንዱ ምንባብ አንድ ጥያቄ ብቻ። ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት መልሱን በራሳችሁ ቃል ለራሳችሁ ንገሩት። የሚሸውደው ምርጫ በአብዛኛው ውሸት አይደለም። በዓለም ላይ እውነት ነው፣ ምንባቡ ግን አላለውም። ወይም ግማሹ ልክ ነው፣ መጨረሻው ላይ አንድ ቃል ያበላሸዋል። በሒሳቡ ዴስሞስ የሚባለው ካልኩሌተር ፈተናው ውስጥ አለላችሁ። እሱንም አስቀድማችሁ ተለማመዱበት፤ የፈተና ቀን የሚማሩት ነገር አይደለም። ብሉቡክ ላይ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በነጻ አሉ፣ ካን አካዳሚ በሚባለው የትምህርት ድረ ገጽም ላይ ትምህርቱ በነጻ ይገኛል። ለቤተሰባችሁ የሚከብድ ገንዘብ ለኮርስ ከማስከፈላችሁ በፊት እነዚህን ጨርሱ።

ስለ ውጤት ደግሞ ልቤ ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። ይህ ፈተና በ1926 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በተፈጥሮ የተሰጠን ችሎታ ይለካል ተብሎ ነበር፤ ስሙም ያንን ነበር የሚለው። ያዘጋጀው ሳይኮሎጂስት ካርል ብሪገም በ1923 ዘርንና የማሰብ ችሎታን ያያያዘ ጥናት አሳትሞ ነበር። በ1930 ግን መሠረት የሌለው ነው ብሎ ራሱ ሻረው። የፈተናው ስምም ተቀይሮ ዛሬ ሦስቱ ፊደላት የምንም ቃል ምህጻር አይደሉም። ልጆች ግን እስካሁን ውጤታቸውን እንደ አእምሯቸው ሚዛን ያዩታል። ዝቅ ያለ ቁጥር ይዞ ለሳምንታት ከሰው የተደበቀ ልጅ አውቃለሁ። እባካችሁ እንዲህ አትሁኑ። የፈተናው ባለቤት የሆነው ድርጅት፣ ኮሌጅ ቦርድ፣ ራሱ ውጤቱን ሲሰጥ አጠገቡ ክልል ያስቀምጣል፤ ያው ልጅ በሌላ ቀን ቢቀመጥ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል ማለቱ ነው። 1180 እና 1200 ያመጡ ሁለት ልጆች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም።

ሁሉም ዩኒቨርሲቲ እኩል አያየውም። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ትቶት የነበረውን የፈተና ግዴታ በ2022 እ.ኤ.አ. መልሷል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለመግቢያ ውሳኔ ጨርሶ አያየውም። የምትፈልጉት ቦታ ምን እንደሚል ከራሱ ድረ ገጽ አንብቡ፣ ከጓደኛ ወሬ አትውሰዱ።

ፈተናው ዋዜማ ላይ አትቸክሉ። ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፣ ቻርጀሩንና መታወቂያችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፣ በጊዜ ተኙ። ብሉቡክን ከቀናት በፊት ጭናችሁ አስተካክሉት። ስትወጡ በር ላይ ቆማችሁ "የአሥራ አራተኛው መልስ ስንት ነው?" አትባባሉ፤ ጥያቄዎቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ውጤት እስኪመጣ ወደ ሌላ ሥራችሁ ሂዱ። ደብተራችሁን ግን ወዳጅ ቢጠይቃችሁም አትስጡ። ድጋሚ የምትፈተኑ ከሆነ የምትጀምሩት ከእሱ ነው።