ለእናትሽ ክኒኑን ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ የጠየቅሽው ባጭሩ ይሄ ነው፦ እናትሽ ስልሳን አልፈዋል፤ ከሰኞ ገበያ ዳገቱን ወጥተው ቤት እስኪደርሱ ሁለት ሦስት ቦታ ያርፋሉ። አንድ ዘመድ ደግሞ «ሚቶኮንድሪያን ያድሳል፣ እርጅናን ይመልሳል» የሚባል ክኒን ይግዙ ብሏል። ይጠቅማቸው ይሆን?

አብሽሪ። እዚሁ ደሴ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ውሎዬ እንዲህ ካሉ እናቶች ጋር ነው።

ወሬው ከሜዳ አልተነሳም። ሚቶኮንድሪያ በህዋስ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው። የበላነውን ምግብ በምንተነፍሰው ኦክስጅን አቃጥለው ኤቲፒ የሚባለውን ጉልበት ያወጣሉ። ሰውነት ኤቲፒን ብዙ አያጠራቅምም፤ እያመረተ ወዲያው ይጨርሰዋል። ዳገት ላይ ጡንቻ ብዙ የሚቆየው በዚያው ሰዓት በሚመረተው ልክ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ምርቱ ይቀንሳል። ሚቶኮንድሪያ ከእናት የሚወረሱ የራሳቸው 37 ዘረ መሎች አሏቸው፤ እዚያም ላይ ጉዳት ይጠራቀማል። የተበላሹትን የማጽዳቱ ሥራም ይዘገያል።

ሻጮቹ የያዙት ግን ግማሹን ነው። ዴንሃም ሃርማን የተባለ አሜሪካዊ በ1956 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) እርጅና የሚመጣው ፍሪ ራዲካል በሚባሉ ጎጂ ቅንጣቶች ነው አለ። በ1972 ደግሞ ጣቱን ሚቶኮንድሪያ ላይ ቀሰረ። «እንግዲያው ፍሪ ራዲካልን የሚያጠፋ ቫይታሚን እንዋጥ» ተባለ። ሲሞከር አልሠራም። በ2009 የወጣ የጀርመን ጥናት እንዲያውም በብዛት የተወሰደ ቫይታሚን ሲ እና ኢ፣ ስፖርት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ለኢንሱሊን ሥራ የሚሰጠውን ጥቅም እንደሚያስቀር አሳየ። ጥቂቷ ፍሪ ራዲካል ለጡንቻው «ተጠናከር» የምትል መልእክት ናት ማለት ነው። እኔ ብሆን ብሩን ለእንቁላል አውለዋለሁ።

የሚሠራው ነገር በ1967 ታይቷል። ጆን ሆሎዚ አይጦችን እያስሮጠ ቢያይ፣ የጡንቻቸው ሚቶኮንድሪያ አቅም በእጥፍ ገደማ አድጎ አገኘው። በዕድሜ የገፋ ሰውም እንቅስቃሴ ሲጀምር ጡንቻው እንደሚሻሻል ተረጋግጧል። ጡንቻ ሚቶኮንድሪያ የሚያበዛው ሥራ ሲጠየቅ ነው።

እኔ ጋ ደግሞ የማየው ይሄን ነው። ከጦሳ ተራራ ማዶ በእግር ወርደው ገበያ የሚውሉ የሰባ ዓመት እናት አሉ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ልጆቻቸው በፍቅር ብዛት «እማዬ አንቺ አትነሺ» ያሏቸው አሉ። ውሃ ይቀርብላቸዋል፣ ባጃጅ በር ላይ ይጠራላቸዋል። በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ከበርጩማ ለመነሳት ጉልበታቸውን በሁለት እጅ መግፋት ይጀምራሉ። እሷን ምልክት ልብ ብለሽ እያት።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ድካሙ ሁሉ እርጅና ላይሆን ይችላል፤ ደም ማነስ፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ልብ ይታዩ። ደረት የሚያማቸው ወይም እግራቸው የሚያብጥ ከሆነ ሳይመረመሩ ምንም አታስጀምሪ።

ደህና ናቸው ከተባሉ ቡናውን ተጠቀሚበት። በአቦልና በቶና መሀል፣ ከዚያ በቶናና በበረካ መሀል፣ ከጠንካራ ወንበር አምስት አምስት ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ ተጣምሮ። ከከበዳቸው ጠረጴዛ ይያዙ። ዳገቷንም አትቀንሺባቸው። እያረፉም ቢሆን ይውጧት፤ ወሬ እያወሩ መውጣት የሚችሉበት ፍጥነት ይበቃል። ለውጡ በሳምንት አይመጣም፣ ወራት ይፈልጋል።

ከጥያቄሽ ሥር «ጾም ህዋስ ያድሳል» ብሎ የጻፈ ወንድምም አለ። ህዋስ ሲራብ የራሱን ቆሻሻ እንዴት እንደሚያጸዳ እርሾ ላይ ያጠናው ጃፓናዊ ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 ኖቤል ተሸልሞበታል፤ እውነት ነው። ግን በዕድሜ የገፋ ሰው ምግብ ሲያጎድል ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። ረመዷንም ይሁን ሑዳዴ፣ ማፍጠሪያው ላይ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ አይጉደል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ጾሙ ከመግባቱ በፊት መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ያስተካክሉ።