የአሮጌ ተሳቢ ቤት ጣሪያ ቅየራ፦ ጥያቄና መልስ

ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ሰፋፊ ግቢዎች ውስጥ አሮጌ ተሳቢ ቤቶች ቆመው ይታያሉ። አንዳንዶቹ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሣ የተሸጡ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች ትተዋቸው የሄዱ ካራቫኖች ናቸው። ባለቤቶቻቸው ለጥበቃ ማደሪያ፣ ለሱቅ ወይም ለእንግዳ ማረፊያ ያደርጓቸዋል። አካላቸው ጠንካራ ሆኖ ሳለ ብዙዎቹ የሚጠፉት በጣሪያቸው ነው። ኑሮዬ በካሮሰሪ፣ ማለትም በተሽከርካሪ አካል ሥራ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በዚህ ጉዳይ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ጋሼ፣ የእኔ ካራቫን መሀል ኮርኒሱ ላይ ይፈሳል። ላሜራውን ሳልነቅል ከላይ በማስቲሽ ብደፍነው አይበቃም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመድፈንዎ በፊት ውኃው የሚገባበትን ቦታ ማወቅ ይኖርብዎታል፤ የሚንጠባጠብበትና የሚገባበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደለም። ከፊት ማዕዘን የገባ ውኃ ላሜራውን በሚሸከመው ወራጅ እንጨት ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ መሀል ላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ወስፌ ይያዙና ከውስጥ በኩል ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበትን ጠርዝ ዙሪያውን ይውጉት፤ በተለይ አራቱን ማዕዘኖችና የመስኮቶቹን አናት አይለፉ። እንጨቱ ወስፌውን ከመለሰው ጤነኛ ነው፤ ቀዳዳውን ፈልጎ መድፈን ሊበቃዎት ይችላል። ወስፌው ቅቤ ውስጥ እንደገባ ከሰመጠና ሲወጣ ጥቁር እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ከመጣ ግን እንጨቱ በስብሷል፤ ከላይ የሚደፍኑት ማስቲሽ እርጥበቱን እዚያው አፍኖ ብስባሱን ያፋጥነዋል እንጂ አያድነውም። እንዲህ ያለውን ጣሪያ ሳይዘገዩ ማንሣት ይሻላል።

ጥያቄ (ከገላን)፦ ለቤት የሚሆነውን ቆርቆሮ ብጠቀም ምን ችግር አለው? አሉሚኒየም ውድ ነው ይሉኛል።

መልስ፦ በመጀመሪያ ክብደቱን ያስቡ። 4 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ጣሪያ በ0.8 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ቢሸፈን ላሜራው 17 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በዚያው ውፍረት የብረት ላሜራ ቢሆን ግን 50 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ቀጭን የብረት ላሜራ በመግዛት ክብደቱን መቀነስ ቢቻልም፣ ቀጭኑ ብረት ዚንኩ በተጫረበት ሁሉ ይዝጋል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ የሞገዱ ጉዳይ ነው፤ ሞገድ ያለው ቆርቆሮ በጠርዙ ላይ ተኝቶ ስለማይገጥም በእያንዳንዱ ሞገድ ሥር ክፍተት ይተዋል፤ በክፍተቱም ነፋስ፣ ዝናብና ወፍ ይገባሉ። ካራቫኑ የሚጎተት ከሆነ ነፋሱ ቆርቆሮውን ጨርሶ ሊነቅለው ይችላል።

ካራቫኑ ከእንግዲህ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ከሆነና ገንዘቡም ከሌለ፣ አራት ቋሚ አቁሞ ከካራቫኑ በላይ ራሱን የቻለ የቆርቆሮ ዳስ መሥራት ይቻላል። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ በካራቫኑ ላይ ቆርቆሮ ከመምታት ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው፤ ፀሐዩንም ይከላከላል። ያም ሆኖ ከሥሩ ያለው የበሰበሰ እንጨት መቀየሩ አይቀርም።

አሉሚኒየሙን ሲገዙ ከጥቅል ላይ በአንድ ወጥ ቢቆረጥልዎ ይመረጣል። ወጥ ካልተገኘ መጋጠሚያው በጣሪያው ወርድ ላይ ይሁን፤ የፊተኛው ላሜራ በኋለኛው ላይ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ይደረብ፤ ይህ የሚደረገው በጉዞ ጊዜ ነፋሱ ዝናቡን ወደ መጋጠሚያው እንዳያስገባ ነው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ላሜራውን አነሣሁት፤ ወራጆቹ ግማሾቹ ተበልተዋል። እንዴት ልቀይራቸው? እንጨቱስ ምን ዓይነት ይሁን?

መልስ፦ እህቴ፣ የሥራው ልብ እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር እመልስልሻለሁ። በመጀመሪያ ወራጆቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትንቀዪ። የካራቫን ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጣሪያው ስለያዘው ነው፤ ጣሪያው ሲነሣ ግድግዳዎቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ከተከፈቱ በኋላ አዲሱ ላሜራ አይደርስም፤ በሩም አይዘጋም። ስለዚህ ሁለቱን ግድግዳዎች በሞራሌ አገዳድመሽ እሰሪያቸው። ከዚያም ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ለኪ፤ ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል ከሆኑ አካሉ ዝንፍ አላለም ማለት ነው። ይህን ካረጋገጥሽ በኋላ ወራጆቹን አንድ በአንድ ቀይሪ።

የተበላውን ወራጅ ከመጣልሽ በፊት ቅርጹን በኮምፔንሳቶ ላይ ቅጂው። ወራጁ ቀጥ ያለ ቢመስልም መሀሉ ላይ በትንሹ ከፍ ይላል፤ በ2 ሜትር ወርድ ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር የሚሆነው ይህ ጉብታ ነው ውኃውን ወደ ጎን የሚያፈሰው። አናጢው ሥራ ለማቅለል ብሎ ቀጥ ያለ ሞራሌ ካስገባ ላሜራው መሀል ላይ ይረግባል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ የተቋጠረ ውኃ ደግሞ ውሎ አድሮ መግቢያ አያጣም። በወራጆቹ መካከል 40 ሴንቲሜትር ያህል ርቀት ቢኖር ይበቃል፤ የአየር ማስወጫው ቀዳዳ ባለበት ግን በአራቱም ጎን ተጨማሪ እንጨት ያስፈልጋል።

ስለ እንጨቱ፣ እርጥብ ባህር ዛፍ አታስገቢ፤ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ላሜራውንም ይዞት ይጣመማል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ደረቅ የሐበሻ ጥድ ሞራሌ ከተገኘ እጅግ ጥሩ ነው፤ የሐበሻ ጥድ ብስባስንም ምስጥንም በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ ይሁንና አሮጌ ሚስማር ውስጡ እንዳይቀር በደንብ ይታይ። በመዳብ መድኃኒት የተነከረ እንጨት ከአሉሚኒየም ጋር እንዳይነካካ አደራ እላለሁ፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር መዳቡ አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ይህ ሁሉ የእንጨት አጽም ላላቸው ነው። እንደ አሜሪካዊው ካራቫን ኤርስትሪም ያሉት አጽማቸውም አሉሚኒየም ሆኖ በሪቬት የተያያዙ ስለሆኑ አሠራራቸው የተለየ ነው።

ጥያቄ (ከቃሊቲ)፦ ብሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ወጥቶ ላሜራው ተበስቷል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ተራ የብረት ብሎን ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝና መሀላቸው እርጥበት ሲገባ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ ተበልቶ የሚያልቀው አሉሚኒየሙ ነው። ነጩ ዱቄት የአሉሚኒየሙ ዝገት ነው። ስለዚህ በአዲሱ ጣሪያ ላይ የማይዝግ ብረት ብሎን ወይም የአሉሚኒየም ሪቬት ይጠቀሙ። የመዳብ ወይም የነሐስ ማሰሪያ ግን ፈጽሞ አይቅረበው። የቆዩት ብሎኖች አልፈታ ካሉ ራሳቸውን በትራፓኖ በስተው ያውጡና ቀሪውን በፒንሳ ይንቀሉት፤ በመሮ እየፈነቀሉ የላሜራውን ጠርዝ የሚይዘውን ቀጭን አሉሚኒየም አያጣሙት፤ ያ ጠርዝ ተመልሶ የሚገባ ነው፤ ተመሳሳዩም በቀላሉ አይገኝም።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ለጠርዙ ሲሊኮን ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ሽታው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው ሲሊኮን አሲድ ስላለው ብረቱን ይጎዳል፤ ከደረቀ በኋላም ቀለም አይዝበትም፤ ሲላቀቅ ደግሞ የሚተወው ቅባት ሌላ ማሸጊያ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ለጠርዙ የሚስማማው ቡታይል ቴፕ የሚባለው የሚጣበቅ የጎማ ማሸጊያ ነው፤ ሁልጊዜ ለስላሳ ሆኖ ስለሚቆይ ላሜራው ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቴፑ ከጠርዙ አሉሚኒየም ሥር ይነጠፋል፤ ብሎኖቹ ከመሀል ጀምሮ ወደ ጫፍ ቀስ በቀስ ይጠብቃሉ፤ በሁለቱም ወገን ትርፉ ብቅ ሲል መሙላቱ ይታወቃል። በማግስቱ ፀሐይ ሲያሞቀው አንድ ጊዜ ደግመው ያጥብቁት፤ ትርፉን በእንጨት ስንጣሪ ያንሡት እንጂ በቢላዋ ላሜራውን አይጫሩት።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ አዲሱ ጣሪያ ጠዋት ጠዋት ይንኳኳል። በትክክል አልተሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ላሜራው የሚላወስበት ቦታ አላገኘም ማለት ነው። በሱሉልታ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ፀሐይዋ በቀጥታ ትመታዋለች። 5 ሜትር ርዝመት ያለው አሉሚኒየም በ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። ላሜራው በጠርዙ ብቻ እንዲያዝና መሀሉ ላይ ብሎን እንዳይመታበት የምመክረው ለዚህ ነው፤ መሀል ላይ የተመታ ብሎን ሁሉ ለውኃ አንድ መግቢያ ነውና። በወራጆቹ ጀርባ ላይ ቀጭን የስፖንጅ ቴፕ ቢነጠፍ ድምፁ ይቀንሳል።

ጥያቄ (ከለቡ)፦ ጣሪያውን ካስቀየርኩ በኋላ ዝናብ ሳይኖር ከውስጥ ይንጠባጠባል። እናቴም ውስጡ ቡና ስለምታፈላ ጭሱ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

መልስ፦ የሚንጠባጠበው የትንፋሽና የፈላ ውኃ እንፋሎት ነው፤ በሌሊት የቀዘቀዘውን ላሜራ ሲነካ ወደ ውኃነት ይለወጣል። በላሜራውና በኮርኒሱ መካከል ስታይሮፎም ክፍተት ሳይተው ቢሞላ ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛውን ብረት አያገኘውም።

ከጠብታው በላይ ግን የከሰሉ ነገር ያስጨንቀኛል። አሮጌው ጣሪያ በስንጥቁ ሁሉ አየር ያስገባ ነበር፤ አዲሱ ከታሸገ በኋላ ግን የከሰል ጭስ መውጫ የለውም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በትንሽ ክፍል ውስጥ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። እናትዎ ቡናውን ደጅ ያፍሉ፤ ምድጃውም ፍሙ ቢከስም እንኳ ወደ ውስጥ አይግባ። የጣሪያውን አየር ማስወጫና በወለሉ አጠገብ ያለውን መግቢያ ብርድ ነው ብለው በጨርቅ አይድፈኑ። ውስጡ የሚያድር ጥበቃ ካለም ይህን ይንገሩልኝ።

ጥያቄ (ከዱከም)፦ ሥራውን መቼ ልጀምር?

መልስ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ። ክረምት ከገባ እንጨቱ አይደርቅም፤ ቴፑም እርጥብ ላሜራ ላይ አይጣበቅም። በሐምሌ ጣሪያው የፈሰሰበት ሰው ሸራ አልብሶ ይጠብቅ፤ ሸራውም በጎን በኩል አየር ያስገባ።

ጥያቄ (ከሰበታ፣ በድጋሚ)፦ መታሸጉን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ኮርኒሱን ከመምታትዎ በፊት በውኃ ጎማ ይሞክሩት። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ፤ ሌላው ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ጥቂት ደቂቃ ያፍስስ። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ሁሉንም ስለሚያለብሰው የትኛው እንደሚያስገባ አይለይም። ጎማውን በኃይል አያስፈንጥሩት፤ እንደ ዝናብ ይውረድ። በላሜራው ላይ መውጣት ግድ ከሆነ በሁለት ወራጆች ላይ ያረፈ ጣውላ አጋድመው ይውጡ። እርጥበት የታየበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ብሎኑን ፈተው ቴፑን ከጨመሩ በኋላ እንደገና ያፍስሱ። ጎማው ካለፈ በኋላም አንድ እውነተኛ ዝናብ እስኪጥልበት ድረስ ኮርኒሱን ክፍት ይተዉት።