የዩኒቨርሲቲ ክፍት የሥራ ቦታ፦ ማስረጃው የት ላይ ይወድቃል?

ጥያቄ፦ በደረጃ 4 በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቄ በአንድ የግል ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ቦታ ተመዝግቤ ለፈተና ሳልጠራ ቀረሁ። ምን ጎድሎኝ ይሆን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብዛኛው አመልካች የሚቀረው ፈተናው ላይ ሳይሆን ማስረጃ ሲጣራ ነው። መጀመሪያ ሲኦሲዎን (የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀትዎን) ይመልከቱ፤ በደረጃ ለተመረቀ ሰው ዲፕሎማው ብቻውን አይበቃም፣ የዚያው ደረጃ የብቃት ማረጋገጫ አብሮ ይጠየቃል። እሱ ካለዎት ችግሩ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ሳይሆን አይቀርም። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ካልተረጋገጠ ሦስቱም ዓመት ሊሰረዝብዎት ይችላል።

ደብዳቤውን እንደገና ያጽፉ። የያዙት የሥራ መደብ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ደመወዙ፣ የግብሩ ጉዳይ፣ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት፣ ማኅተሙም ይኑሩበት። ዘመኑ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ይለይ። «እስካሁን በሥራ ላይ ይገኛሉ» የሚል ደብዳቤ የሚቆጠረው እስከተጻፈበት ቀን ድረስ ነው፤ የዓምና ደብዳቤ ይዞ የሄደ ሰው አንድ ዓመት ያህል ልምድ በገዛ እጁ ያጣል።

ለተግባር ፈተናው ደግሞ ብጥብጥ (ሶሉሽን) ማዘጋጀትን ይለማመዱ። 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 500 ሚሊ ሊትር ቢባሉ 0.1 × 0.5 (ሊትር) × 40 (የአንድ ሞል ክብደት በግራም) ነው፣ ማለትም 2 ግራም። ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ቶሎ ይመዝኑት፤ በቢከር ውስጥ 300 ሚሊ ሊትር ያህል የተጣራ ውኃ ላይ ጨምረው ያሟሙት። ሲሟሟ ይሞቃል፤ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁና ወደ 500 ሚሊ ሊትር ቮሉሜትሪክ ፍላስክ (አንገቱ ላይ የመጠን ምልክት ወዳለው ጠርሙስ) ገልብጠው፣ ቢከሩንም አለቅልቀው ጨምረው እስከ ምልክቱ ይሙሉ። ብዙ ተፈታኝ በትኩሱ ይሞላል፤ ሲቀዘቅዝ መጠኑ ከምልክቱ ይወርዳል፣ ልኩም ይዛባል።

ጥያቄ፦ የአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፤ የሠራሁት ግን ንብረት ክፍል ነው። «ቀጥታ አግባብ ያለው 2 ዓመት» ለሚል የሂሳብ ባለሙያ ቦታ ይያዝልኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ ደብዳቤዎ «የንብረት ሠራተኛ» ብሎ ካለፈ አይያዝም ብለው ይጠብቁ። በሞዴል 19 ቅጽ የዕቃ ገቢ፣ በሞዴል 22 ቅጽ የዕቃ ወጪ ይመዘግቡ፣ የዓመት መጨረሻ ቆጠራውንም ከሌጀር (ከሂሳብ መዝገቡ) ጋር ያስታርቁ ከነበረ ዝርዝሩ ይጻፍ፤ ያልሠሩት ግን አንድም አይግባበት። ማስታወቂያው ላይ የንብረት አስተዳደር ቦታ ካለ የኛ ምክር እሱን ይያዙ ነው፤ በብዙ መሥሪያ ቤት መመዝገብ የሚቻለው በአንድ መደብ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ማስታወቂያ አውጪዎችንም እንወቅሳለን፦ የትኛው ልምድ እንደሚያዝ በግልጽ ቢጽፉ ስንቱ ከሩቅ መጥቶ በከንቱ ባልተመለሰ!

ጥያቄ፦ በምርምር ፕሮጀክት የኮንትራት ረዳት ተመራማሪነት አገኘሁ። ልግባበት? (ከጎንደር)

መልስ፦ ይግቡ፤ ግን ሳይፈርሙ ውሉ የሚያበቃበትን ቀን፣ ከደመወዙ ግብር የሚቀነስ መሆን አለመሆኑንና የመስክ አበሉን ይጠይቁ። በጀቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። የልምድ ደብዳቤዎን ፕሮጀክቱ ሳይዘጋ ከሰው ኃይል አስተዳደር ይውሰዱ፤ ዋና ተመራማሪው የሚጽፍልዎ ምስክርነት ብቻውን እንደ ሥራ ልምድ ላይያዝ ይችላል።