48 በ16 ይዘህ ከአዳማ ንፋስ ጋር አትታገል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። «ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ገዛሁ፤ የፊቱ 48 ጥርስ፣ የኋላው 16 ነው። አዳማ ውስጥ ለሥራ መመላለሻ ይሆናል ወይስ ልቀይረው?» ነው ያልከው። ቀይረው። የኋላውን 20 አድርገው። እኔ ይቺን ለማወቅ ጉልበቴንም ብሬንም ከፍዬባታለሁ።

1. «አዳማ ሜዳ ነው፣ ትልቅ ማርሽ ይሻልሃል» የሚልህን አትስማ። እኔም ይህን ሰምቼ ነው በ48/16 የጀመርኩት። ከተማው አብዛኛው ሜዳ ነው፣ አልክድም። ንፋሱስ? ከከተማው አጠገብ ያሉት ኮረብታዎች ላይ 136 የንፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይን የተተከለው ያለ ምክንያት ነው እንዴ? ጠዋት ወደ ወንጂ ስወርድ እበር ነበር። ማታ ስመለስ ግን መንገዱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይሆናል። ንፋሱ ደግሞ ፊት ለፊት፣ አቧራው ዓይን ውስጥ። ፔዳሉ ላይ ቆሜ በሰውነቴ ክብደት ነበር የምገፋው። በሁለተኛው ወር ደረጃ ስወርድ ቀኝ ጉልበቴን ይወጋኝ ጀመር። አንተም በዚሁ ከቀጠልክ ያው ነው የሚገጥምህ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 48ን ለ16 ስታካፍል 3 ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሦስቴ ይዞራል። ባለ 26 ጎማ በአንድ ዙር 2 ሜትር ከ7 ሴንቲ ገደማ ይሄዳል፤ ስለዚህ በአንድ የፔዳል ዙር 6.2 ሜትር ትገፋለህ ማለት ነው። የኋላውን 20 ስታደርገው 2.4 ይሆናል፣ ወደ 5 ሜትር ይወርዳል፣ ፔዳሉም በዚያው ልክ ይቀልልሃል። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞር በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ነው። በባጃጅና በጋሪ መሃል ለሚሄድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርግለታል?

2. የኋላውን ጥርስ ማን እንደሚፈታልህ ተጠንቀቅ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ጥርሱ ሞዞው ላይ (የጎማው መሃል ያለው ክፍል) እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ነው። በረገጥክ ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዓመት የቆየውን በእጅ አትፈታውም። የራሱ ቁልፍ አለው። እኔ አንድ ጠጋኝ ጋ ሄጄ «ቁልፉ አለህ?» አልኩት። «ስንት ዓመት የሠራሁበትን አንተ ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። መሮውን ጥርሱ ጎን ላይ ደግኖ በመዶሻ ይነርተው ጀመር። ሦስቴ መታው፣ ንቅንቅ አላለም። በአራተኛው መሮው ተንሸራተተና ሞዞው ላይ አረፈ። ራጂ (ቀጫጭኑ የጎማ ሽቦ) የሚገባበት ጠርዝ ሲሰነጠቅ በዓይኔ አየሁት። እሱም አይቷል፤ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ድሮም የተሰነጠቀ ነበር» አለኝ። የእጅ ዋጋም ተቀበለኝ! ሞዞ ገዛሁ፣ ራጂ ገዛሁ፣ ቸርኬውን ማቃኛ ከፈልኩ። አንድ ጥርስ ልቀይር ሄጄ ጎማ አሠርቼ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ቁልፉን ለመግዛት ጎማውን ይዘህ ገበያ ሂድና የጥርሱን ውስጥ አሳያቸው። አንዳንዱ ውስጡ ዙሪያውን ጥርስ አለው፣ አንዳንዱ ሁለት ጎድጓዳ ብቻ ነው ያለው፤ ቁልፋቸው ይለያያል። ቁልፉን ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የብረት መያዣ) ላይ አጥብቀህ እሰረው። ጎማውን ከላይ አስቀምጥበትና በሁለት እጅህ እንደ መኪና መሪ ወደ ግራ አዙረው። ጧ! ብሎ ይለቃል። መዶሻ የሚባል ነገር አያስፈልግም።

3. ካቴናውን (ሰንሰለቱን) አብረህ ቀይር። እኔ ያ ሁሉ ብር ከወጣ በኋላ ልቆጥብ ብዬ አሮጌውን ተውኩት። እዚሁ አዳማ ፍራንኮ የሚባለው ቦታ ጋ መንገድ ለመሻገር በኃይል ስረግጥ ካቴናው አዲሱ ጥርስ ላይ ዘለለ። ያው የታመመው ጉልበቴ መሪው ላይ አረፈ፣ ከኋላዬ ባጃጅ ነበር፣ እግዚአብሔር ነው ያወጣኝ። ማስመሪያ ውሰድና ከአንዱ ፒን መሃል ተነስተህ ከእሱ ቀጥሎ እስካለው 24ኛ ፒን መሃል ድረስ ለካ። አዲስ ሲሆን 30.5 ሴንቲ ነው። 30.8 ከደረሰ ተስቧል፣ ጣለው። ስትገዛ ደግሞ ሰፊውን በል። ለባለ ብዙ ማርሽ የሚሸጡት ቀጭኑ ሰፊ ጥርስ ላይ አይቀመጥም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ከ16 ወደ 20 ስትሄድ ካቴናው የሚጨምረው በትክክል አንድ ጥንድ ማያያዣ ነው። ጎማው ከሞላ ጎደል የነበረበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። 18 ብታደርገው ግን ግማሽ ጥንድ ስለሚሆን ጎማው ስድስት ሚሊ ያህል ወደ ፊት መምጣት አለበት፤ ፍሬኑንም እንደገና ማስተካከል ሊኖርብህ ነው። ካቴናውን ስታጠብቅ መሃሉን በጣትህ ጫን ስትለው አንድ ሴንቲ ያህል ይላላ።

አሁን እኔ በ48/20 ነው የምሄደው። ጠዋት ከግቢ ሳልወጣ ኮረብታውን አያለሁ። ተርባይኖቹ በኃይል ከዞሩ ማታ እንደሚከብደኝ አውቃለሁ፣ ግን ሳልወርድ እገባለሁ። ጉልበቴም ተሽሎኛል። ቁልፉንም ገዝቻለሁ፤ የሰፈራችንን አምስት ብስክሌት በእሱ ፈትቻለሁ፣ አንድም ሞዞ አልሰበርኩም። ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ በነጻ እፈታልሃለሁ። ሞርሳው የጎረቤቴ ብየዳ ቤት ስለሆነ ግን እሁድ እንዳትመጣ፣ ዝግ ነው።