ሰርቮው ሳይዞር የሚዞረውን ክንፍ እንዴት ያዘዋል?

ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ የጻፍከውን አነበብኩ። በሪሞት የምታበራት ትንሿ ሄሊኮፕተርህ ሞተሯ ሲፈጥን ትነሳለች፤ አዲሷ ግን የዙሯ ፍጥነት ሳይለወጥ ትነሳና ከፍ ለማድረግ የሪሞቱን እጀታ ፈጠን አድርገህ ስትገፋው አፍንጫዋን ትደፋለች። የእኔም እንዲሁ ስታደርገኝ አንድ ጥንድ ክንፍ ሰብሬባታለሁ።

የትንሿ ክንፎች ዝንባሌ ቋሚ ስለሆነ ሞተሩ እስኪፈጥን መጠበቅ ግድ ነው። በአዲሷ የሚለወጠው ራሱ ዝንባሌው ነው። ሥራውን የሚሠራው ዋናው ዘንግ ላይ የተሰካው ስዋሽፕሌት ነው፤ በኩሽኔታ የተያያዙ ሁለት ቀለበቶች ብለህ አስበው። የታችኛው አይዞርም፤ የላይኛው ከክንፎቹ ጋር ይዞራል። ብዙ ጊዜ በ120 ዲግሪ የተራራቁ ሦስት ሰርቮዎች (ሪሞቱ የሚያዛቸው፣ ክንድ ያላቸው ትንንሽ ሞተሮች) የታችኛውን ሲገፉት የላይኛው ይከተላል፤ ከእርሱ የሚነሱት ቀጫጭን ዘንጎችም የክንፎቹን መያዣ ያጠማዝዛሉ። ሦስቱ እኩል ከገፉ ሁለቱም ክንፎች እኩል ያዘነብላሉ። አንዱ ከበለጠ ስዋሽፕሌቱ ያጋድላል፤ ያኔ እያንዳንዱ ክንፍ በአንድ ዙር ውስጥ በአንድ በኩል ዝንባሌው ይጨምራል፣ በሌላው ይቀንሳል። ውጤቱ የሚታየው ሩብ ዙር ያህል ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ ወደ ፊት ስታዛት ክንፉ በጎን ሲያልፍ ዝንባሌው በዝቶ ብታይ አትደንግጥ።

አሁን ወደ አፍንጫዋ እንመለስ። የእኔ ጥፋት ከኋላ ያለው ሰርቮ ላይ ነበር፤ እጀታው መሐል ላይ ሳለ የሰርቮው ክንድ ከሚገፋው ዘንግ ጋር 90 ዲግሪ አልሠራም። እኔ ደግሞ ቡሎን መፍታት ሰልችቶኝ በሪሞቱ አስተካከልኩት። ስትንሳፈፍ ልክ መሰለች። ክንዱ ግን በክብ መስመር ስለሚሄድ ጠማማ ሆኖ ከተነሳ ጉዞው ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር አይተካከልም፤ ከፍ ባልኩ ቁጥር ስዋሽፕሌቱ ያጋድል ነበር። ስለዚህ የሞተሩን ገመድ ንቀል፤ እጀታውን መሐል ላይ አቁም፤ ሦስቱንም ክንዶች ከዘንጎቻቸው ጋር 90 ዲግሪ አሠራ፤ ከዚያ ስዋሽፕሌቱን አስተካክልና የክንፎቹን ዝንባሌ በመለኪያ ዜሮ ላይ አምጣ። ሪሞቱን የምትነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከቨርጂኒያ ወደ ዴንቨር ስዛወር በ5 ዲግሪ ገደማ የክንፍ ዝንባሌ ትንሳፈፍ የነበረችው ሄሊኮፕተሬ አንድ ዲግሪ ያህል ጨምርልኝ አለች፤ 1,600 ሜትር ላይ አየሩ ሳሳ ይላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር ባይበቃህ አይግረምህ። እኔ ብሆን ዝንባሌውን ብቻ ከማብዛት፣ አምራቹ ከፈቀደው ሳላልፍ ዙሩን ጥቂት አፈጥናለሁ።

በመጨረሻም አንደኛው ክንፍ ጫፍ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፍና ስትዞር ከጎን ተመልከት። ሁለት መስመር ካየህ ክንፎቹ በእኩል ከፍታ አይዞሩም ማለት ነው፤ ወደ ክንፍ መያዣ ከሚሄዱት ቀጫጭን ዘንጎች አንዱን አንድ ዙር አስረዝም ወይም አሳጥር። ብቻ ራቅ ብለህ እይ፤ ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ 70 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በደቂቃ 2,800 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል።

ክንዶቹ 90 ዲግሪ ሠርተው አሁንም አፍንጫዋን ከደፋች፣ እጀታው መሐል ላይ ሳለ ሦስቱን ሰርቮዎች ከጎን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።